ዱላውን ማን ይሥራው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ፋሲል ከነማ። ለመጀመሪያው ሐኪም ጋ ሂዱ እላለሁ። ለሁለተኛው መድኃኒት የለኝም፤ እኔም እንደናንተው እየተቃጠልኩ ነው የማድረው። በዚህ ወር ግን ነገሩ ተለወጠ። ባለፈው እትም “የዛሬ ልጆች የገናን ጨዋታ የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው” ብዬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ይህን ሁሉ ደብዳቤ የጠራችው እሷ ናት። ጡረታ የወጣሁ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ሜዳና ልጅ ከተነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የመረጥኳቸው እነሆ።

እትዬ፣ እዚሁ ጎንደር አዘዞ አካባቢ የስፖርት መምህር ነኝ። የባህል ጨዋታ አስተምር ተብያለሁ፤ ገናን መረጥኩ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ አለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሜዳው ጠጠር ነው። ለዚህ ሁሉ ልጅ ዱላ አስይዤ የማን ጥርስ እንደሚረግፍ እየጠበቅኩ ልቁም? አምና ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተማርኩ፤ ፈተናውንም ጥሩ ሠሩ። የተጫወተ ግን አንድም የለም።

ወንድሜ፣ ገና በሰሌዳ እንደማይማር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ምክሩን ትቼ ወደ ሥራው ልግባ።

ከዱላው እንጀምር። አትግዛ። በጀት ጠይቀህ እስኪፈቀድልህ ገናም ጥምቀትም ያልፋል። ኅዳር ላይ ለልጆቹ የቤት ሥራ ስጣቸው። “ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልጋችሁ ኑ” በላቸው። ወይራ ያገኘ ልጅ ታድሏል፤ ካልሆነ ባሕር ዛፍም ይሠራል። በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ከተገኘ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ቀጥ ያለ ብቻ ከተገኘ፣ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ጫፉን ረመጥ ውስጥ መቅበር ነው። ልጡ መንጣጣትና እንፋሎት ማውጣት ሲጀምር ይወጣል። ጉልበት ላይ ተደግፎ ቀስ እየተባለ ይታጠፋል። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ይሰብረዋል። ከታጠፈ በኋላ በገመድ ተወጥሮ ይታሰርና ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ይላጣል፣ ጉጡ በቢላዋ ይስተካከላል፣ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ ይለሰልሳል። ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዱላው ከወገቡ አይለፍ።

እሳቱና ቢላዋው ቤት ውስጥ፣ ከአባት ወይም ከአጎት ጋር ይሁን። ይህን የምልህ ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ዱላ የሚያጥፍ አባት አፉን ዘግቶ አያጥፍም። ስንቱን በሜዳ ላይ እንዳሯሯጠ መተረክ ይጀምራል። ግማሹ ውሸት ነው። ይሁን፤ ልጁ ይስማው። ደግሞም ዱላውን ራሱ የሠራ ልጅ እንዳይሰበርበት ይሳሳለታል፤ እንደ ተገዛ ዱላ መሬት አይነርትበትም።

ወደ ኳሷ እንምጣ። እሩር ጥንት ከእንጨት ተድቦልቡላ ትሠራ ነበር፤ ከጠፍር የሚጎነጉኗትም አሉ። እሷን ትምህርት ቤት እንዳታስገባት። ቅልጥም ላይ ካረፈች ወላጅ ነው የሚያስጠራህ። የካልሲ ኳስ ይበቃል። ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቅ፣ ካልሲ ውስጥ ክተት፣ በሲባጎ ጥፍር አድርገህ እሰር። ጠጠር ላይ አትነጥርም፤ የሜዳህን ችግር ግማሹን ትፈታልሃለች።

60 ልጅ ባንዴ ዱላ አይዝም። ሜዳውን ለሁለት ክፈለው፤ በያንዳንዱ 6 ለ6። 24 ዱላ በቃህ። የቀሩት ከዳር ሆነው ያዜማሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይዳኛሉ። በየ5 ደቂቃው ይቀያየሩ። ሕጉን አታብዛው። ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም። ኳስ በእጅ አይነካም። ልጅ ከወደቀ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ዱላ ወደ ላይ ያነሣ ልጅ ዱላውን ከዳር ለቆመ አስረክቦ ይወጣል። አትቆጣው፣ ጆሮውንም አትያዝ። የገዛ ዱላውን ሌላ ልጅ ሲጫወትበት ቆሞ ማየት ይበቃዋል።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ቡድኑን በስም ዝርዝር አንተ አትመድብ። እኛ ሰፈር ልጆች ሚና የሚለዩት፣ ማለትም ለሁለት ወገን የሚከፈሉት፣ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሁለት አለቆች ይወጣሉ። የቀሩት ልጆች በጉልበትም በፍጥነትም ከሚመጥናቸው ጋር ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ከዚያ ዞር ብለው፣ ተቃቅፈው፣ በሹክሹክታ ስም ያወጣሉ። አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ነብር። ይመጡና አለቃውን “አንበሳ ትሻለህ ነብር?” ይሉታል። አለቃው ማን ማን እንደሆነ አያውቅም። አፉ የጠራለትን ይወስዳል፤ ሌላው ለባላጋራው ይሆናል።

አየህ፣ እዚህ ውስጥ የሚተርፍ ልጅ የለም። የእግር ኳስ ቡድን ሲመረጥ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ብቻውን የሚቀረውን ልጅ ታውቀዋለህ። “እሱን እናንተ ውሰዱት” “ኧረ እናንተ ያዙት” ይባባሉበታል። በዚህኛው ግን ደካማው ከደካማ፣ ብርቱው ከብርቱ ጋር ራሱ ተመዝኖ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱ ወገን ሳይነጋገር እኩል ይሆናል። ይህን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስም ነበር። የባህል ዕሴት የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ከመጻፍህ በፊት ይህን አንዴ አሠራቸው።

የቀረው ግጥሙ ነው። በገና ያሸነፈ ዝም ብሎ ቤቱ አይገባም፤ በተሸነፈው ላይ ያወርድበታል። ይህን ቆርጠህ አታውጣው። እኔ ሳስተምር 7ኛ ሀ እና 7ኛ ለ ተጋጥመው፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ከዳር ተነሥታ እንዲህ አለች፦

“ሰባተኛ ለማ ነገሩ ይገርማል፣
ኳሷ ስታልፈው ቆሞ ደኅና ዋይ ይላል።”

በረኛ ይመስል እግሩን ከፍቶ ቆሞ የነበረው ልጅ ሳይቀር በሳቅ ወደቀ። ድንበሩን ግን አስቀድመህ አስምር። የሚገጠመው በጨዋታው ላይ ብቻ ነው። በመልክ፣ በቤተሰብ፣ በድህነት፣ በዘር፣ በሃይማኖት የገጠመ ልጅ ከሜዳ ይወጣል። በዚህ ዘመን ይህን ሳታስምር እንዳትጀምር።

“በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” የሚለውን ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ግን ሜዳው ላይ ጌታ ከሌለ ማን አይቆጣ? ስለዚህ አንተም ዱላ ያዝ። ርእሰ መምህሩንም ጎትተህ አምጣ። ኳሷ በእግሩ መሀል ትለፍበት፤ ይግጠሙበት። ስቆ ከወጣ ልጆቹ አባባሉን ያን ቀን ተምረውታል። አኩርፎ ቢሮው ከገባም ተምረውታል።

እትዬ፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። ለባህል ቀን ወንዶቹ ገና፣ ሴቶቹ እስክስታ ተባሉ። “እኔ ገና ነው የምፈልገው” ብትል “ሴት ልጅ ዱላ ይዛ!” ብለው ሳቁባት፤ አልቅሳ መጣች። አያቷም ከእኔ ይልቅ ከትምህርት ቤቱ ጋር ወግነዋል። ምን ልበላት?

እህቴ፣ አያቷ እውነታቸውን ነው። በሳቸው ጊዜ ሴት ልጅ ገና ሜዳ አትወርድም። እኔም አልወረድኩም። ወንድሞቼ ዱላቸውን ይዘው ሲሮጡ እኛ ደጅ ቁጭ ብለን ቅልልቦሽ ነበርን። ዱላውን መጀመሪያ የያዝኩት የስፖርት መምህርት ሆኜ፣ ተማሪዎቼ ፊት ነው። ሰማይ አልተደፋም።

ስለዚህ ልጅሽ ትጫወት። ጨዋታው ከበረት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ተጫዋቹም አብሮ ይሰፋል። እረኛው ወንድ ልጅ ስለነበረ ነው ገና የወንድ የሆነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ እረኛ የለም። በአገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድርም ሴቶች በገበጣ ይወዳደራሉ። ዱላውስ ምን ለየው?

ግን አንድ ነገር ላስጨምርሽ። ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄጂ “ልጄን ለምን ከገና አስቀራችኋት” ብቻ ብለሽ አትመለሺ። “ወንዶቹስ ቅልልቦሽ ለምን አይማሩም?” በያቸው። የሴት ልጅ ጨዋታ ተብሎ ተናቀ እንጂ ቅልልቦሽ የዋዛ አይደለም። አምስት ጠጠር ነው። አንዷን ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ፤ እሷ አየር ላይ ሳለች መሬት ያለውን አፍሰሽ፣ የምትመለሰዋን በዚያው እጅ ትቀልቢያለሽ። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ ከዚያ አራቱን ባንዴ። ዓይን ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች። ትከሻው ይህን የሚያህል የ8ኛ ክፍል ጎረምሳ ጠጠሩ በጣቱ መሀል ሲበተንበት ላየ፣ የ5ኛ ክፍል ልጅሽ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣ “ተቃጠልክ!” ስትለው ለሰማ፣ የወንድና የሴት ጨዋታ የሚለው ነገር ያኔውኑ ያበቃል።

አያቷን ደግሞ ተዪያቸው፤ አትሟገቻቸው። የቅልልቦሹ ዳኛ አድርጊያቸው። አያጭበረብሯቸውም።

እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የምኖር አባት ነኝ። ሙስሊም ነን። የልጄ ትምህርት ቤት “የገና ጨዋታ” ሲል በዓሉን ማክበር እንዳይሆን አሰብኩ። ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዳር እንዲቆምም አልፈልግም። እንዴት ያዩታል?

ወንድሜ፣ ሐሳብዎ የሚገባ ነው። “ምንም ግንኙነት የለውም” ብዬ አላታልልዎትም። ጨዋታው ስሙንም ጊዜውንም ከልደት በዓል ጋር ይጋራል፤ ታኅሣሥ 29 ላይ ይደምቃል። እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ ተጫወቱት የሚለው ትረካም አብሮት አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ጊዜው የአጨዳ ማብቂያ ነው። እህሉ ይነሣል፣ ማሳው ባዶ ይሆናል፣ ልጅ ሜዳ ያገኛል። አብረው ከብት የሚጠብቁ ልጆች ደግሞ በሃይማኖት ተለይተው አይቧደኑም።

ውሳኔው የእርስዎና የቤተሰብዎ ነው። መምህሩን ግን ሁለት ነገር መጠየቅ መብትዎ ነው። አንደኛ፣ ጨዋታው እንደ ስፖርት ትምህርት በተራ ቀን ይሰጥ እንጂ ከበዓሉ ዝግጅት ጋር አይቀላቀል። የበዓሉ ዜማ በበዓሉ ይቅር፤ ለክፍሉ ልጆቹ ራሳቸው የሚገጥሙት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ገና ብቸኛው የባህል ጨዋታ አይሁን። ትግል አለ፣ ገበጣ አለ። እነዚህ የማንም በዓል አይደሉም። ልጅዎ በአንዱ ዳኛ፣ በሌላው ተጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ከዳር የሚያቆመው መምህር ካለ ግን ጥፋቱ የመምህሩ ነው፤ ሄደው ያነጋግሩት። በትሕትና ከተነገረው የማይሰማ መምህር ጥቂት ነው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ገናና ገበጣ የሕፃን ጨዋታ ነው። ጉግስ ለምን አንማርም?

ፈረሱን አንተ ታመጣለህ?

እየቀለድኩ ነው፤ ደግሞም እየቀለድኩ አይደለም። ጉግስ ያለ ፈረስ አይሆንም፤ ፈረስ ደግሞ ገብስ ይበላል፣ ይታመማል፣ ይረግጣል። የትኛውም ትምህርት ቤት ጎረምሳን ፈረስ ላይ አውጥቶ ዘንግ አያስወረውርም። እኔም ርእሰ መምህር ብሆን አልፈቅድም።

ማየትና ማወቅ ግን ትችላለህ። ጥምቀት ሲደርስ እንደማንኛውም ጎረምሳ ሎሚ ይዘህ ስትዞር ከምትውል፣ ፈረሰኞች ካሉበት ጠጋ ብለህ ቁም። የሚሸሸውን ተመልከት። ፈረሱን እያስጋለበ ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል። የሚሸሸው ወደ ኋላ ሳያይ በኮቴ ድምፅ ርቀቱን ይገምታል። ከዚያ ተራው ይዞራል፤ ያባረረው ይሸሻል። የጦር ልምምድ ነበር፤ ለዚያ ነው ማባረር ብቻ ሳይሆን መሸሽም እንደ ሙያ የሚቆጠረው። የድሮ እርካብ ካገኘህ ደግሞ እየው። ጠባብ ናት። ሙሉ ጫማ አታስገባም፤ ባዶ እግሩን የሚጋልብ ሰው አውራ ጣቱን ብቻ ነው የሚያሾልክባት። በዚያች ቀለበት ላይ ቆሞ ነው ዘንግ የሚወረውረው።

ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ደግሞ የፈረስ መቃብር የሚባል ክብ ግንብ አለ። ዞብል የሚባል የንጉሥ ፈረስ ተቀብሮበታል ይባላል። ስንት ጊዜ አልፈኸዋል? ከጓደኞችህ ጋር ሂድና ከዚያ ጀምራችሁ ስለ ፈረስና ስለ ጎንደር አንድ ነገር ጻፉ፤ ለታሪክ መምህራችሁ ስጡት። ገበጣ የሕፃን ጨዋታ ነው ያልከውን ደግሞ ቀጣዩን መልስ አንብበህ ድገመው።

ርእሰ መምህር ነኝ። አንድ መምህሬ ልጆቹን መሬት እያስቆፈረ ገበጣ ያጫውታል። እውነት ይህ ስፖርት ነው? ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን እላለሁ?

“ሒሳብ እያስተማርን ነው” ይበሉ። አይዋሹም።

ባለ 12 ጉድጓዱን እንውሰድ። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። በድምሩ 48። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ሁሉንም አንሥቶ በተከታዮቹ ላይ አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል። ሚስጥሩ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ሳይነኩ ማወቁ ላይ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ጣቱን አያንቀሳቅስም፤ ዓይኑ ብቻ ጉድጓዱን ይዞራል። ከፊቱ ያለው ደግሞ ዓይኑን እያየ ወዴት እንዳሰበ ይገምታል። ባለ 18 ጉድጓድም አለ፤ ሦስት ረድፍ ነው። ለ11ኛ ክፍሉ ልጅ እሱን ይስጡልኝ።

ስፖርት ነው ወይ ላሉት፣ ሁለቱም ዓይነት ገበጣ ከትግል፣ ከገና፣ ከቀስት፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎቹ ጋር የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሚያካሂደው ውድድር ውስጥ ናቸው። ተቆጣጣሪው ይህን ካላወቀ ይጋብዙትና ይሸነፍ።

የገበጣ ሕግ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። አንዱ ልጅ “እኛ ጋ እንዲህ አይበላም” ይላል፤ ሌላው “እኛ ጋ ይበላል” ይላል። መምህሩ ገብቶ እንዳይፈርድ። ከመጀመራቸው በፊት ተነጋግረው ይስማሙ፤ የተስማሙበትን በጨዋታው መሀል መቀየር አይፈቀድ። ይህን ያልለመደ ትልቅ ሰው ብዙ አውቃለሁ።

ለባህል ጨዋታ ነጥብ የሚሰጠው በምንድን ነው? (መምህርት፣ ከከተማው)

ባሸነፈ አትስጪ። ዱላውን ሠርቶ ለመጣ፣ ሲዳኝ ለጓደኛው ላላደላ፣ ተሸንፎ ግጥሙን ችሎ ለሰማ ስጪ። “ገናን ተርጉም” የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ እንዳላይ።

እትዬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ወጣት መምህራን ራሳችን ገናን ተጫውተን አናውቅም። አሠልጣኝ ከየት እናምጣ?

ሩቅ አትሂዱ። የትምህርት ቤታችሁን ጥበቃ ጠይቁ። እንዳትስቁ። በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚቀመጡት አባት ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ከደምቢያ ወይ ከወገራ። ልጅነታቸውን ከከብት ኋላ ነው ያሳለፉት። የትኛው እንጨት ሳይሰበር እንደሚታጠፍ ያውቃሉ። ዱላ እንዴት እንደሚያዝ፣ ኳስ ከዱላ ሥር እንዴት እንደምትመነተፍ ያውቃሉ። ልጆቹ ደግሞ እኚህን ሰው የሚያውቋቸው “አረፈድክ፣ ቁም!” ሲሉ ብቻ ነው። አንድ ቀን መሀል ሜዳ ላይ አስተማሪ ሆነው ይዩዋቸው።

ስትጠይቋቸው በወግ ይሁን። በሩ ላይ ቆማችሁ “ነገ ይምጡ” አትበሏቸው። “አባቴ፣ ልጆቹን ያስተምሩልን” በሏቸው፤ መጀመሪያ “እኔ ምን አውቄ” ይላሉ፤ ሁለተኛም ጠይቁ። በዚያ ሰዓት በሩን የሚጠብቅ ሰው መድቡ፤ አለዚያ ልባቸው በሩ ላይ ይሆናል። የሰዓቱንም ክፍያ አስቡላቸው። ከውጭ አሠልጣኝ ብታመጡ ትከፍሉ የለም ወይ? በሻይ ብቻ እንዳትሸኟቸው።